እቶን የሚታመመው ከትንፋሹ ነው፦ ከሲንተር ዝግጅት እስከ ቀላጭ ብረት

ብላስት ፈርነስ ከላይ የብረት ማዕድንና ኮክ የሚጎርስ፣ ከታች ትኩስ ነፋስ የሚነፋበት ረጅም እቶን ነው። የጥንት ብረት አቅላጮች በወናፍ ይሠሩት የነበረው ሥራ ነው። ልዩነቱ፣ በእነርሱ ትንሽ እቶን ብረቱ ሳይቀልጥ እንደ ስፖንጅ ጓል ሆኖ ወጥቶ በመዶሻ ይቀጠቀጥ ነበር፤ እዚህ ግን ካርቦን ጠጥቶ ይቀልጥና 1500 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። በኢትዮጵያ ያሉት የብረት ፋብሪካዎች በአብዛኛው ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጡ ወይም ከውጭ የመጣ ቢሌት (ያልተሳበ የብረት ዘንግ) የሚስቡ ስለሆኑ የዚህ ሙያ ቃላት በአማርኛ ገና አልረጉም። ስለዚህ የታወቀውን የውጭ ቃል እንዳለ ወስደን የቀረውን በሚገባ ስም ጠርተነዋል። ኮክ ስንልም የሚበላውን ፍሬ ሳይሆን አየር በሌለበት ተጠብሶ ጋዙ የወጣለትን የድንጋይ ከሰል ማለታችን ነው።

ለምሳሌ የያዝነው 1000 ሜትር ኩብ የውስጥ መጠን ያለውን፣ በቀን 2200 ቶን ገደማ የሚያመርት መካከለኛ እቶን ነው። ለአንድ ቶን ቀላጭ ብረት በግምት የሚከተለው ይገባል፦

- ሲንተር (ተጋግሮ የተጣበቀ ደቃቅ ማዕድን፤ ዝርዝሩ ከታች ይመጣል) 1200 ኪሎ
- ፔሌት (ተድቦልቡሎ የተጠበሰ ደቃቅ ማዕድን) ወይም ጓል ማዕድን 400 ኪሎ
- ኮክ 380 ኪሎ
- ከነፋሱ ጋር የሚረጭ የከሰል ዱቄት 140 ኪሎ
- ነፋስ 1050 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ለመላው እቶን በደቂቃ 1600 ሜትር ኩብ ገደማ

ወደ 330 ኪሎ ስላግ ይወጣል። ስላግ ከማዕድኑ አፈርና ከኖራው የተሠራው፣ በቀለጠው ብረት ላይ የሚንሳፈፈው ኩስ ነው። ሒሳቡን ለማየት ያህል፣ ሲንተሩ 57 በመቶ፣ ፔሌቱ 64 በመቶ ብረት ቢይዙ በድምሩ 940 ኪሎ ብረት ገብቷል ማለት ነው። አንድ ቶን ቀላጭ ውስጥ ያለው ብረት 945 ኪሎ ገደማ ነው፤ ቀሪው ካርቦን፣ ሲሊከን፣ ማንጋኒዝና የመሳሰለው ነው። የገባውና የወጣው ከ2 ወይም 3 በመቶ በላይ ከተለያዩ እቶኑን ከመውቀስ በፊት ሚዛኑንና ናሙና አወሳሰዱን ይመርምሩ።

የእቶን ችግር አብዛኛው ከአንድ ምንጭ ይነሳል፤ ጋዙ ወደ ላይ የሚወጣበት ክፍተት ሲጠብ ነው። ሥራውም የሚጀምረው ከእቶኑ አፍ ሳይሆን ከሲንተር ክፍሉ የውሃ ቧንቧ ነው።

ሲንተር

ደቃቅ ማዕድን እንዳለ ቢጎረስ በጓሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፣ የቀረውም ከጋዙ ጋር በአፉ ይወጣል። ስለዚህ ከኮክ ብናኝና ከኖራ ድንጋይ ጋር አዋህዶ፣ ግማሽ በግማሽ አቅልጦ፣ ዓይን ያለው ጠንካራ ቂጣ ማድረግ ያስፈልጋል። ሲንተር ይኸው ነው።

*ልኬት።* ማዕድኑ ከ8 ሚሊ ሜትር በታች ይሁን። የኖራ ድንጋዩና የኮክ ብናኙ ቢያንስ 85 በመቶ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ይፈጩ። ኮኩ ሲሸክር አንድ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ነድዶ እዚያው ያቀልጣል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል፤ ሲደቅ ደግሞ እሳቱ ሳይሰነብት ያልፋል። የኖራ ድንጋይ ሲሸክር በተሰበረው ሲንተር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል። ያ ያልተዋሐደ ኖራ ነው፤ በመጋዘን እርጥበት ሲስብ ያብጥና ሲንተሩን ከውስጥ ይፈረካክሰዋል።

*የኖራ ሒሳብ።* የሚፈለገው የኖራና የሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) ምጥጥን ብዙውን ጊዜ ከ1.7 እስከ 2.1 ነው፤ እዚህ 1.9 እንያዝ። 100 ኪሎ ደረቅ ማዕድን 5 ኪሎ ሲሊካ ቢኖረው፣ ከኮክ ብናኙ አመድ 0.3 ኪሎ ቢጨመር፣ ድምሩ 5.3 ይሆናል። በ1.9 ሲባዛ 10.07 ኪሎ ኖራ ያስፈልጋል። የተቃጠለ ኖራ 2 ኪሎ ከገባ፣ 85 በመቶ ኖራና 3 በመቶ ሲሊካ ቢኖረው፣ የራሱን ሲሊካ ከፍሎ የሚተርፈው 79.3 በመቶ ነው፤ 1.59 ኪሎ ይሸፍናል። የቀረው 8.48 ኪሎ ከኖራ ድንጋይ ይመጣል። ድንጋዩ 52 በመቶ ኖራና 1.5 በመቶ ሲሊካ ካለው የሚተርፈው 49.15 በመቶ ስለሆነ 17.3 ኪሎ ገደማ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የድንጋዩን የራሱን ሲሊካ ሳይቀንስ ሲያሰላ ነው። ዶሎማይት (ማግኒዥያ ያለበት የኖራ ድንጋይ) የሚጨመር ከሆነም እርሱ የሚያመጣው ኖራ ከዚሁ ይቀነሳል።

በዚህ ላይ ቀደም ሲል በወንፊት ያለፈው ተመላሽ ደቃቅ ይታከላል፤ ብዙውን ጊዜ ከድብልቁ ሩብ ያህል ነው። የሚመረተው ተመላሽና የሚጨመረው ተመላሽ እኩል መሆን አለባቸው። የተመላሽ ክምር በየፈረቃው እያደገ ከሄደ ሲንተሩ ደካማ ነው ማለት ነው፤ ከሁሉ በፊት የኮክ ብናኙን መጠንና የውሃውን ልክ ይዩ።

*ውሃ።* እዚህ ላይ ቢዘገዩ አይቆጭዎትም። ድብልቁ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይዞራል፤ ደቃቁ በሻካራው ፍሬ ዙሪያ እየተለጠፈ ድቡልቡል ይሆናል። እርጥበቱ በተለምዶ ከ6 እስከ 8 በመቶ ነው። ትክክለኛው ልክ ግን በማዕድኑ ጠባይ ይወሰናል። ጠጣር የሆነ የብራዚል ሄማታይት በጥቂት ውሃ ይበቃዋል፤ ከምዕራብ አውስትራሊያው ፒልባራ የሚመጣው ቀዳዳማ ማዕድን ደግሞ ውሃውን ወደ ውስጥ ስለሚመጥ ተጨማሪ ይፈልጋል። መለኪያው ቢበላሽም እጅ አይሳሳትም፦ አንድ እፍኝ ይጨብጡና መዳፍዎን ይክፈቱ። ቅርጹን ይዞ ከቆየ፣ በጣት ሲነኩትም ወደ ትንንሽ ድቡልቡሎች ከፈረሰ ልክ ነው። ሳይያያዝ ከተበተነ ደርቋል፤ መዳፍ ላይ ጭቃ ካስቀረና ካብለጨለጨ በዝቷል። ሲበዛ ከእሳቱ በታች ያለው ንጣፍ ይረጥባል፣ ድቡልቡሉ ይፈርሳል፣ አየር ማለፊያ ያጣል። የተቃጠለው ኖራ ሁለት ጥቅም ያለው ለዚህ ነው፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ድብልቁን ያሞቃል፣ ድቡልቡሉንም ያጣብቃል። ውሃውንና ኖራውን ከበሮው መግቢያ ላይ ያገናኙ፤ መውጫው ላይ የተጨመረ ውሃ አያድቦለቡልም፣ ያጨቀያል እንጂ።

*ንጣፍና እሳት።* በተንቀሳቃሹ ፍርግርግ ላይ አስቀድሞ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ያለቀለት ሲንተር 40 ሚሊ ሜትር ያህል ይነጠፋል፤ ፍርግርጉን ከቃጠሎ ይጠብቃል። ከላዩ 600 ሚሊ ሜትር ድብልቅ ይተኛል። ድብልቁ ተንሸራትቶ ሲወርድ ሻካራው ወደ ታች፣ ደቃቁና ኮክ የበዛበት ወደ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ የላይኛው ክፍል ከሌላ ንጣፍ የሚወርሰው ሙቀት የለውምና። ማቀጣጠያው ሥር 1150 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይቆያል። ከዚያ በኋላ ከታች ያሉት ማራገቢያዎች አየሩን ወደ ታች ይስባሉ፣ እሳቱም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከቤት ከሰል ምድጃ ተቃራኒ ማለት ነው። የሳቡ ኃይል ከ10 እስከ 17 ኪሎ ፓስካል ነው። ፍርግርጉን በተሸከሙት ጋሪዎች ጠርዝ ንጣፉ ከግድግዳው ከተላቀቀ አየሩ በዚያ ያልፍና የዳሩ ድብልቅ ሳይበስል ይቀራል።

*ፍጥነት።* እሳቱ በደቂቃ 22 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 600 ሚሊ ሜትሩ በ27 ደቂቃ ያልቃል። ፍርግርጉ 60 ሜትር ቢረዝምና እሳቱ 57 ሜትር ላይ ታች እንዲደርስ ቢፈለግ ፍጥነቱ 57 ለ27 ሲካፈል በደቂቃ 2.1 ሜትር ይሆናል። የደረሰበት ቦታ የሚታወቀው ከፍርግርጉ ሥር ባሉት የመሳቢያ ሳጥኖች ሙቀት ነው፤ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ደርሶ መውረድ የሚጀምርበት ሳጥን እርሱ ነው። ከመጨረሻው ሁለተኛው ላይ ቢሆን መልካም ነው። መጨረሻ ላይ ቂጣው ሲቆረስ ይመልከቱት። ቀዩ ንጣፍ ከታች ሲሶ ያህል ከሆነ ልክ ነው፤ ከግማሽ ካለፈ ፍጥነቱ በዝቷል፤ ጭራሽ ከጠቆረ ደግሞ ቀድሞ አልቆ ፍርግርጉ በከንቱ እየተጓዘ ነው። ዋናው የጭስ ቧንቧ ከ100 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይጠንቀቁ፤ አሲድ ያለበት ውሃ ተጠራቅሞ የማራገቢያውን ክንፍ ይበላል።

ከዚያ ቂጣው ይሰበራል፣ ከ100 ዲግሪ በታች እስኪሆን ይቀዘቅዛል፣ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። የኮክ ብናኝ ሲጨመር ሲንተሩ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ኦክስጅን ያልጠገበው የብረት ኦክሳይድ (FeO) መጠን ከፍ ይልና እቶኑ ውስጥ ጋዝ ሊያጠቃው ይቸገራል። ይህን ኦክሳይድ ከ7 እስከ 9 በመቶ ባለው ክልል መያዝ ይመከራል። ጠንካራ ሲንተር ሁሉ ጥሩ ሲንተር አይደለም።

እቶኑን ማጉረስ

ሲንተሩ ከመጋዘን ሲወጣ እንደገና በወንፊት ይነፋ፤ በማጓጓዣ ቀበቶና በመውደቅ ብዛት ተሰብሯልና። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ያለው ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ። የኮክ ጓል ከ40 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ይመረጣል፤ ትንንሹን ኮክ ከማዕድኑ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ይቻላል።

በአንድ ዙር 30 ቶን ማዕድንና 7.1 ቶን ኮክ ቢጎረስ 18.75 ቶን ቀላጭ ይሰጣል፤ ስለዚህ በቀን 117 ዙር፣ በየ12 ደቂቃው አንድ ማለት ነው። የእቶኑ አፍ 5.8 ሜትር ስፋት ካለው የኮኩ ንጣፍ ግማሽ ሜትር ያህል ይወፍራል። ይህን ውፍረት አይንኩት። ታች፣ ማዕድኑ በሚለሰልስበትና እንደ ሊጥ በሚሆንበት ቀጠና፣ ጋዝ የሚያልፈው በኮኩ ንጣፍ ብቻ ነው። የኮኩን ድርሻ ከፍ ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግ ማዕድኑን ይቀይሩ፣ ኮኩን አይቀይሩ።

ክረምት ሲገባ የኮክ እርጥበት ብዙ ፈረቃ ያሳስታል። ሚዛኑ 7.1 ቶን ቢልም 5 በመቶ ተጨማሪ ውሃ ካለበት 355 ኪሎ ኮክ ጎድሏል፤ በአንድ ቶን ብረት 19 ኪሎ ማለት ነው። እቶን ለመቀዝቀዝ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አይፈልግም። የእርጥበት ልኬቱ በፈረቃ አንዴ ሳይሆን ዝናቡ በመጣ ቁጥር ይደገም።

ጋዙ በመሐል በርትቶ፣ በግድግዳው በኩል በመጠኑ ሲወጣ እቶኑ ጤነኛ ነው። መሐሉ ሲደፈን ጭነቱን ከላይ የሚያፈስሰውን ዘንግ ማዕዘን ቀይረው ጥቂት ኮክ ወደ መሐል ይጨምሩ። ጋዙ ሥራውን መሥራቱን ከአፉ ጋዝ ማስላት ይቻላል፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 21 በመቶ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 23 በመቶ ቢሆን፣ 21 ለሁለቱ ድምር ለ44 ሲካፈል 47.7 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር በአንድ ፈረቃ ውስጥ ሁለት ነጥብ ከወረደ ጋዙ አቋራጭ መንገድ አግኝቷል።

ነፋስና ሙቀት

ነፋሱ በማሞቂያ ማማዎች እስከ 1200 ዲግሪ ሞቆ፣ በእቶኑ ዙሪያ ባሉት በውሃ በሚቀዘቅዙ የመዳብ አፍንጫዎች፣ በቱየሮች ይገባል። ነፋስን አሙቆ መንፋትን እ.ኤ.አ. በ1828 በባለቤትነት ያስመዘገበው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ኒልሰን ነው፤ ከዚያ በፊት እቶኖች ቀዝቃዛ አየር ይነፋላቸው ስለነበር እጅግ የበዛ ነዳጅ ይፈጁ ነበር።

በቱየሮቹ ፊት ያለው የነበልባል ሙቀት ከ2100 እስከ 2300 ዲግሪ ይጠበቅ። ለፈጣን ግምት፦ የነፋሱ ሙቀት በ100 ዲግሪ ሲጨምር ነበልባሉ በ75 ገደማ ይጨምራል፤ ኦክስጅን በ1 በመቶ ሲጨምር በ45 ገደማ ይጨምራል፤ በአንድ ሜትር ኩብ ነፋስ የእንፋሎት መጠን በ10 ግራም ሲጨምር በ60 ገደማ ይቀንሳል፤ የከሰል ዱቄት በቶን በ10 ኪሎ ሲጨምር ከ15 እስከ 20 ይቀንሳል።

ጀማሪ ኦፕሬተርን የሚያስተው የመዘግየቱ ነገር ነው። የነፋስ ሙቀትና እንፋሎት ለውጥ በአንድ ሁለት ሰዓት ይታያል። የከሰል ዱቄት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈልጋል። ከላይ የተጨመረ ኮክ ግን ታች የሚደርሰው ከ6 እስከ 8 ሰዓት በኋላ ነው። ዛሬ ጠዋት ለቀዘቀዘ እቶን ኮክ ጨምሮ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለውጥ አላየሁም ብሎ ሌላ መጨመር ማታ ላይ እሳት የተፋ እቶን ማግኘት ነው። አንድ እርምጃ ከወሰዱ ሰዓቱን ጽፈው ይጠብቁ።

ቀላጩ ከ1480 እስከ 1510 ዲግሪ፣ ሲሊከን ከ0.3 እስከ 0.6 በመቶ፣ ድኝ ከ0.04 በመቶ በታች ይሁን። የስላጉ የኖራና ሲሊካ ምጥጥን 1.2 አካባቢ ይያዝ። እንደ ሕንድ ማዕድን አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) የበዛበት ጥሬ ዕቃ ላይ ስላጉ ስለሚወፍር ማግኒዥያውን (የማግኒዥየም ኦክሳይዱን) ከ8 እስከ 10 በመቶ ማድረስ ይረዳል።

ብረቱን ማውጣት

1. ቦዩ ደርቆ መሞቁን በዓይን ያረጋግጡ። የቀለጠ ብረት እርጥብ ነገር ላይ ሲፈስ ከሥሩ የታመቀው እንፋሎት ይፈነዳል። አሸዋው ውስጥ የቀረ አንድ ጣሳ ውሃ ሰው ይገድላል።
2. መውጫ ቀዳዳውን በ50 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይክፈቱ። ከተለመደው ጥልቀት ቀድሞ ብረት ከወጣ ቀዳዳው አጥሯል፤ በሚቀጥለው መድፈን ላይ ጭቃ ይጨመር።
3. መጀመሪያ ብረት፣ ቆይቶ ስላግ ይመጣል። በቦዩ ላይ ያለው መለያ ግድብ ስላጉን ከላይ አግዶ ወደ ጎን ይመልሳል፣ ብረቱ ከሥር ያልፋል። ሙቀቱን ከመለያው አጠገብ በየ20 ደቂቃው ይለኩ።
4. ቀዳዳው ጋዝ መትፋትና ፍንጣሪ መርጨት ሲጀምር በመድፈኛው ማሽን ይዝጉ፤ ጭቃው እስኪጠነክር ማሽኑን ከ10 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ አያንሱት።

በቀን 12 ጊዜ ከተከፈተ በአንዱ 183 ቶን ገደማ ይወጣል። ስሌቱ 183 ሲል 140 ብቻ ከወጣ 43 ቶን ውስጥ ቀርቷል። ፈሳሹ ወደ ቱየሮቹ ሳይደርስ የሚቀጥለውን መክፈቻ ያፋጥኑ።

ሲታመም

*መንጠልጠል።* ጭነቱ መውረዱን ያቆማል፣ የነፋሱ ግፊት ከፍ ይላል። ነፋሱን ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሱ፤ እቶኑ ሞቃት ከሆነ የነፋሱንም ሙቀት በ50 ዲግሪ ያውርዱ። ካልወረደ ብረቱንና ስላጉን አውጥተው ጨርሰው ነፋሱን በኃይል ይቀንሱ፣ ጭነቱ በራሱ ክብደት ይናዳል። ሆዱ ሞልቶ ሳለ ነፋስ ከተቀነሰ ስላጉ ወደ ቱየሮቹ ይገባና ይደፍናቸዋል፤ አንድ ሰዓት የነበረው ችግር የቀናት ይሆናል። ከተናደ በኋላ የነፋሱን መጠን በአንዴ አይመልሱ፤ የወረደው ጥሬ ማዕድን ስለሆነ ተጨማሪ ኮክ ያስከትሉለት።

*መቀዝቀዝ።* በቱየሩ መስታወት ሲያዩ ነጭ መሆን የነበረበት ብርሃን ቢጫ ይሆናል፣ ጥቁር ጓሎች ሲያልፉ ይታያሉ። ስላጉ ጠቁሮ ይከብዳል፣ ሲሊከን ይወርዳል፣ ድኝ ከፍ ይላል። ከሁሉ በፊት ውሃ እየገባ እንደሆነ ይዩ፤ በአፉ ጋዝ ውስጥ ሃይድሮጅን ያለ ምክንያት ከጨመረ፣ የአንዱ ቱየር መግቢያና መውጫ ውሃም ካልተመጣጠነ ምክንያቱ ተገኝቷል። ውሃ ካልሆነ ነፋሱን ቀንሰው የነፋሱን ሙቀት ከፍ ያድርጉ፣ እንፋሎቱን ይዝጉ፣ የማዕድኑን መጠን ይቀንሱ፣ ጥቂት ዙር ኮክ ብቻ ያጉርሱ። የከሰል ዱቄት መጨመር እዚህ አያዋጣም፤ በደከመ ነበልባል ላይ ሳይነድ ይቀራል፣ ነበልባሉንም ይብስ ያቀዘቅዛል፣ ያልነደደው ዱቄትም ክፍተቱን ይደፍናል።

*የግድግዳ መጋገር።* ዚንክና እንደ ፖታሲየም ያሉ አልካሊዎች ታች ይተናሉ፣ ላይ ቀዝቅዘው ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ። የግድግዳው ሙቀት መለኪያ በአንድ ወገን ወርዶ ሳይንቀሳቀስ ከቀረ ይህን ይጠርጥሩ። ለአጭር ጊዜ የስላጉን ኖራ መቀነስ አልካሊውን ከስላጉ ጋር ያወጣዋል፤ ድኝ ከፍ ማለቱን ግን መቀበል ነው።

ጋዝ

የእቶኑ ጋዝ ከ20 በመቶ በላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፤ እዚህ ግን በመጠን አይወዳደርም። በብዙ አገሮች ለ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው ከሚሊዮን 50 ወይም ከዚያ ያነሰ ክፍል ነው፤ 1200 ላይ ሕይወት አደጋ ላይ ነው። ወደ አፉ መድረክ የሚወጣ ሰው መለኪያ በደረቱ አስሮ፣ ከሌላ ሰው ጋር፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ይውጣ። የወደቀ ባልደረባ ሲያዩ ያለ አየር ጭንብል መሮጥ ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው።

ነፋስ ሲቆም የእቶኑ ጋዝ ወደ ነፋሱ ቧንቧ እንዳይመለስ የቀዝቃዛውና የትኩሱ ነፋስ መዝጊያዎች ወዲያው ይዘጉ፤ ከአየር ጋር ከተገናኘ ቧንቧውን ይበትናል። አፉ ላይ እንፋሎት ወይም ናይትሮጅን ተለቅቆ ግፊቱ ከውጭው አየር በላይ ይቆይ። ነፋሱን ከመመለስዎ በፊት እያንዳንዱ ቱየር መከፈቱን፣ የሁሉም ውሃ መፍሰሱን፣ መውጫ ቀዳዳው ለመከፈት መዘጋጀቱን በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ፤ ከዚያ በግማሽ ነፋስ ይጀምሩ፣ ጭነቱ መውረዱን ካዩ በኋላ ብቻ ይጨምሩ።